ለቁልቁለት የሚበቃ ፍሬን

 

የምናገረው ስለ አሮጌ ፒካፕ ፍሬን ነው። አሮጌ ስል እነዚያን ባለ ባሌስትራ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘር ፒካፖች ማለቴ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት አገልግለው ዛሬም ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ደጅ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ገበያ ያደርሳሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለ እነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳችን የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል። በእጃችን ያለችው ፒካፕ ግን ገና ብዙ ዓመት እንደምታገለግለን አልጠራጠርም።

ችግሩ ያለው በእነዚህ መኪናዎች ላይ ገንዘብ በምናወጣበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ጭነት እንዲበዛላት ባሌስትራ እንጨምራለን። ከድንጋይ እንድትርቅ ጎማ እናተልቃለን። ዳገት እንዳይከብዳት ሞተር እንቀይራለን። ፖርቶ መጋላ እናሠራለን፣ ፊቷ ላይ የብረት መከላከያ እንበይዳለን። ይህ ሁሉ ሲደረግ ፍሬኑ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ይልቁንም ከፋብሪካ ከወጣበት በባሰ ሁኔታ ይቀመጣል። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ በፒካፕ ላይ የምንጨምረው ነገር ሁሉ ከፍሬኑ አቅም ላይ ይቀነሳል። የቀነስነውን ሳንመልስ መኪናዋን ከነሾፌሩ ወደ ቁልቁለት መላክ የለብንም።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሙቀቱ ልጀምር። ፍሬን የሚሠራው ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥና ሙቀቱን ለአየር ማስረከብ ነው። ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ እናስብ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ጭነቷንና ሰዎቿን ጨምሮ 2,500 ኪሎ የምትመዝን ፒካፕ ያንን ስትወርድ ወደ 34 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት የሆነ ቦታ ማራገፍ አለባት። ይህ 100 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ያቺው መኪና በአስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደች አንድ ጊዜ ብትቆም ደግሞ ፍሬኗ የሚቀበለው ከአንድ ሚሊዮን ጁል በታች፣ 600 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ የዓባይን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ከ80 ላይ ከ50 ጊዜ በላይ በተከታታይ እያቆመ ነው ማለት ነው፤ ያውም ፍሬኑ በመሀሉ የሚበርድበት ጊዜ ሳያገኝ።

እርግጥ ጎማው በመንገዱ ላይ ሲንከባለል፣ አየሩም ሲገፋ ጥቂቱን ይወስዳሉ። ትልቁን ድርሻ ግን ሞተሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል፤ እንዴት እንደሚካፈሉት የሚወስነው ሾፌሩ የሚያስገባው ማርሽ ነው። በሁለተኛ ማርሽ የያዘ ሾፌር አብዛኛውን ለሞተሩ ይሰጠዋል። በአራተኛ የሚወርድ፣ ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ የሚንሸራተት ደግሞ ሁሉንም በሁለት ቀጫጭን የብረት ዲስክና በሁለት ታምቡር ላይ ይጭነዋል። የጭነቱ ነገርም አለ። አሥር ኩንታል ገደማ እንድትጭን በተሠራች ፒካፕ ላይ ሃያ ኩንታል ስንጭን ሙቀቱ ከ34 ወደ 48 ሚሊዮን ጁል ያድጋል፤ ዲስኩና ታምቡሩ ግን የነበሩት ናቸው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ፣ ከማይጨው ወደ አላማጣ የምትመላለሱ ይህንን ያለ ቁጥርም ታውቁታላችሁ። የተቃጠለ ሸራ ሽታው በመስኮት ሲገባ ያላወቀ ሾፌር እዚህ ያለ አይመስለኝም።

ሙቀቱ ሲበዛ ምን ይሆናል? ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን ከቀድሞው የበለጠ ዝቅ አድርጎ መርገጥ ግድ ይሆንበታል። ሸራው ራሱ ከሚችለው በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ ግን አትያዝም። ከሁሉም የከፋው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ የሚመጣው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ተፈጥሮው ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ከክብደቱ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ካሊፐሩ ውስጥ ይፈላና እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ሾፌሩ ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናዋ አትሰማውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልቤን የሚነካው ጉዳይ ይሄ ነውና። «ፍሬን እምቢ አለ» ይባልና አደጋው ይመዘገባል። መኪናዋ ተጎትታ ወጥታ በማግስቱ ስትፈተሽ፣ ቧንቧዋ ካልተበጠሰ በስተቀር ፔዳሉ ጠንክሮ ይገኛል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗላ! ፈታሹ «ፍሬኑ ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሾፌሩም፣ በሕይወት ካለ፣ ጥፋተኛ ይሆናል። ይህ ፍትሕ አይደለም። የዘይቱን ዕድሜ የጠየቀ የለም፤ ባለንብረቱ መቼ እንዳስቀየረው የጠየቀም የለም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አጥቦ ለመቀየር የሚፈጀው ከአንድ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል ነው፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ጋር እንኳ አይወዳደርም። በዚህ አገር ለምትሠራ አሮጌ ፒካፕ የመጀመሪያው ማሻሻያ ይሄ ነው፦ ዶት 3ን በዶት 4 መተካትና ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ መቀየር። ሁለቱ ቢቀላቀሉም ችግር የለውም። ዶት 5 የሚባለው ግን ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዘር ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ደግሞ በስም ቢመስለውም ከዶት 4 ወገን ነው። ዕቃ ስትገዙ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ከዘይቱ ጋር የሚሄድ አንድ የጋራዥ ልማድ አለ። የፍሬን ማስተርና የጎማ ሲሊንደር ሲፈታ ጎሚኒዎቹን በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ። ከነዳጅ ወገን የሆነ ማንኛውም ነገር ለፍሬን የተሠራውን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ሲያሳብጠው ሸራው ከታምቡሩ ሳይላቀቅ ይቀራል፣ ወይም በአጭር ጊዜ ውስጥ ማፍሰስ ይጀምራል። እባካችሁ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ እጠቡ።

አሁን ብዙም ወደማይነገርለት ነገር እንለፍ። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። የፍሬን ሰርቮ የሚያግዘን በአንድ ወገኑ የአየር ግፊት፣ በሌላው ወገኑ ባዶነት ስላለው ነው፤ አየሩ ወደ ባዶው ወገን ሲገፋ የእግራችንን ኃይል ያበዛዋል። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩን ግፊት 100 ብንለው አዲስ አበባ ላይ 75 አካባቢ ነው። ስለዚህ ምንም ያልተበላሸ ሰርቮ እንኳ እዚህ የሚሰጠው ትልቁ እገዛ ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ ላይ ከሚሰጠው ቢያንስ በሩብ ያህል ያንሳል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ባዶነቱን የሚፈጥረው ለብቻው የተሠራ ፖምፓ ነው። በድሮዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶችና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ላንድክሩዘር ላይ ይህ ፖምፓ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ሲያረጅ ይደክማል። ባለቤቱ ፔዳሉ ሲጠነክርበት «ፍሬኑ ትንሽ ነው፣ ትልቅ ዲስክ ልግጠም» ይላል፤ ችግሩ ግን ዲናሞው ጀርባ ተቀምጧል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አጠንክሩት፤ እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ወይ ፖምፓው፣ ወይ ቱቦው፣ ወይ ሰርቮው ታሟል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ጠብቃችሁ ሁለት ሦስቴ ርገጡ፤ በየእርግጫው ፔዳሉ ከፍ እያለ ካልመጣ ባዶነቱ እያመለጠ ነው። ሌላም አስቡ፤ ፖምፓው የሚዞረው በዲናሞው ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቻርጅ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ጥቂት ጊዜ ከረገጣችሁ በኋላ የፍሬን እገዛችሁም አብሮ ይሄዳል። ያረጀ ቺንጊያ ይዞ ወደ ዓባይ መውረድ ትልቅ ድፍረት ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ፈጽሞ የማይታሰብ መሆን አለበት።

ወደ ባሌስትራው እንምጣ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህንን ያዙልኝ።

በብዙዎቹ ሃይሉክሶች ላይ ከኋለኛው አክሲዮን በላይ ሻንሲው ላይ የታሰረ ቫልቮላ አለ፤ ከእሱ ወደ አክሲዮኑ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ይታያል። ብዙ ሰው አይቶት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሥራው ጭነት መመዘን ነው። መኪናዋ ባዶ ስትሆን የኋላ አካሏ ከፍ ይላል፤ ዘንጉም ለቫልቮላው «ባዶ ናት» ይለዋል፤ ቫልቮላውም ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ባዶዋ ፒካፕ በዝናብ አስፋልት ላይ ኋላዋ ተቆልፎ ትዞራለችና። ስትጫን ኋላዋ ይወርዳል፤ ቫልቮላው ይከፈትና የኋላ ፍሬን ሙሉ ድርሻውን ይሠራል። ኮምፒዩተር የሌለበት፣ በጣም ብልህ ሥራ ነው።

እኛ ምን እናደርጋለን? ባሌስትራ እንጨምራለን። መኪናዋ ሃያ ኩንታል ጭና እንኳ ኋላዋ አይወርድም፤ እንዲያውም ለዚያ ብለን ነው የጨመርነው። ቫልቮላው ግን የሚያየው ከፍታውን እንጂ ክብደቱን አይደለም። «ባዶ ናት» ብሎ የኋላውን ግፊት እንደቀነሰ ይቀጥላል። የተጫነችው ፒካፕ፣ የኋላ ፍሬኗ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በአብዛኛው በፊት ፍሬን ትወርዳለች። የፊቱ ዲስክ ይግላል፣ ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ ዘይቱ ይፈላል። ባለቤቱም «የፊት ሸራ አልበረክት አለኝ» እያለ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሸራውን ይወቅሳል፣ ነጋዴውን ይወቅሳል፤ ባሌስትራውን የሚጠረጥር ግን የለም።

መፍትሔው ቫልቮላውን አውልቆ መጣል አይደለም። ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ባዶዋን መኪና በክረምት መንገድ ላይ ለመገልበጥ ያዘጋጇታል። ትክክለኛው ሥራ ባሌስትራው ኋላውን ምን ያህል ከፍ እንዳደረገው ለክቶ የዘንጉን ማሰሪያ በዚያው ልክ ማስተካከል ነው፤ የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ደግሞ የፊትና የኋላውን ግፊት በባዶና በጭነት አነጻጽሮ ማቆም። ዘንጉ ዝጎ የደረቀባት መኪናም ብዙ ናት፤ እሷ ስትጫንም ስትራገፍም አንድ ዓይነት ፍሬን አላት ማለት ነው። አየር ስታስወጡም ቫልቮላው የራሱ ማስወጫ ቡሎን እንዳለው አትርሱ። አራቱን ጎማ ጨርሶ እሱን የዘለለ መካኒክ ፔዳሉ ለምን ስፖንጅ እንደሆነበት ሲያስብ ይውላል።

ባሌስትራ ሲጨመር ሌላም ነገር ይነካል። ከሻንሲው ወደ አክሲዮኑ የሚወርደው የጎማ ቱቦ ያጥራል። አውራ ጎዳና ላይ ምንም አይታይም፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ግን ቱቦው ይወጠራል፤ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። ኋላውን ክሪክ ላይ አንሥታችሁ አክሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እንዲንጠለጠል አድርጉና ቱቦውን እዩት። ሃያ ዓመት የሞላው ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ አብጦ ሊዘጋም ይችላል፤ ያኔ ግፊቱ ይሄድና አይመለስም፣ አንዱ ጎማ ይዞ ይቀራል። ቱቦዎቹን በሙሉ አንድ ላይ መቀየር፣ ከተገኘም በብረት ክር የተሸመነውን መግጠም ዋጋው ለሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። የሚያፈስ የብረት ቧንቧን ጠፍጥፎ ዘግቶ በሦስት ጎማ መሄድ ግን ጥገና ተብሎ መጠራት የለበትም።

ስለ ጎማ በአጭሩ። ጎማው በራዲየስ አንድ አሥረኛ ቢተልቅ ያው ፍሬን መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመያዝ ኃይል ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ክንዱ ረዝሟልና። ትልቁ ጎማ ራሱም ከባድ ስለሆነ እሱን ማቆም ተጨማሪ ሥራ ነው።

እንግዲህ አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ላይ ደረስን፤ ትልቅ ዲስክና ትልቅ ካሊፐር መግጠም።

በመጀመሪያ ከፊት ታምቡር ያላት መኪና ካለቻችሁ ወደ ዲስክ መቀየሯን ያለ ማመንታት እደግፋለሁ። የዲስክ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 ነው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በለ ማን ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ዓለም አመነ። አሜሪካዊው ሸቭሮሌ ግን በፒካፖቹ ፊት ላይ ዲስክን መደበኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ የጭነት መኪና ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ዲስክ ሲግል ቢሰፋ ወደ ሸራው እንጂ ከሸራው አይርቅም፤ ለአየር የተጋለጠ ነው፤ ወንዝ ተሻግራችሁ ስትወጡም ውሃውን ወዲያው ያራግፈዋል። ታምቡር ግን ውሃውን ይዞ ይቆያል።

ሆኖም ዲስኩን ብቻ ገዝቶ መግጠም አይበቃም። ታምቡር የራሱን መዞር ተጠቅሞ ሸራውን ይስባል፤ ዲስክ ይህ ጸባይ ስለሌለው ያለ ሰርቮ እግር ይጠይቃል። የድሮ የታምቡር ማስተር ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቮላ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ግፊት ለታምቡር ተገቢ ነው፣ ዲስክ ላይ ግን ሸራውን ሳያላቅቅ ሲያግለው ይውላል። ስለዚህ ዲስክ ከመጣ ማስተሩም፣ ሰርቮውም አብሮ ይታሰባል።

ዲስክ ላላት ሃይሉክስ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ማሻሻያ ከዚያው ከቶዮታ ቤት የመጣ ነው። ባለ ቪ6 ሞተር የነበሩት ፒካፖችና ፎርራነሮች ካሊፐራቸው ሰፋ ያለ፣ ባለ አራት ፒስተን ሲሆን ዲስካቸውም በመሀሉ አየር የሚያልፍበት ወፍራም ነው። ይህ ካሊፐር በባለ አራት ሲሊንደሯ ላይም ይታሰራል፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለው የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ብቻ ጥቂት መቆረጥ አለበት። የማይረሳው ነገር ካሊፐሩ ሲሰፋ የሚጠጣው ዘይት መብዛቱ ነው። የድሮው ማስተር ውስጡ ሰባት ስምንተኛ ኢንች ከሆነ ፔዳሉ ይጠልቃል። አንድ ኢንች የሆነ ማስተር ሲገጠም በአንድ እርግጫ 30 በመቶ ገደማ የበለጠ ዘይት ይገፋል፤ በምላሹ ለአንድ ዓይነት እርግጫ ግፊቱ ከ20 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሰርቮው የደከመባት መኪና ላይ ይህን ማድረግ ፍሬኗን ማክበድ ነው። ቅድም ስለ ዲናሞው ጀርባ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ዕቃውን የምታገኙት ሶማሌ ተራም ይሁን ከውጭ በዘመድ፣ ያገለገለ ካሊፐር ስትገዙ ፒስተኖቹን እየገፋችሁ እዩ፤ ከአራቱ አንዱ ከደረቀ ሸራው ሰያፍ ይበላል። ያገለገለ ዲስክና ታምቡር ላይ ልኩ ተቀርጿል፤ የዲስኩ ትንሹ ውፍረት፣ የታምቡሩ ትልቁ ስፋት። ከዚያ ያለፈውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ ብረቱን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ብረት ሙቀት አይሸከምም፣ ይሰነጠቃል። ሸራውም ጎኑ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል አለው። የመጀመሪያው ሲበርድ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ደረጃ ይነግራል። ኢ ኢ ከሚለው ኤፍ ኤፍ የሚለው ይሻላል፤ ኤፍ ኢ የሚል ካያችሁ ሲግል የሚደክም መሆኑን ራሱ እየነገራችሁ ነው፤ ለቁልቁለት አትግዙት። ፊደል የሌለበትን ሸራ ደግሞ ጭራሽ አትንኩ።

የኋላ ታምቡርን ወደ ዲስክ መቀየርስ? ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል፤ እኔ አልመክርም። ሃይሉክስ በብዙ ገበያ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ከኋላ ታምቡር ይዞ ነው የተሸጠው። ሠሪዎቹ ዲስክ መሥራት አቅቷቸው አይደለም። ታምቡር የእጅ ፍሬንን አጥብቆ ይይዛል፤ ዳገት ላይ ለሚቆም የጭነት መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኋላ ዲስክ የገጠሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬናቸውን አጥተው ድንጋይ ይዘው ይዞራሉ። ገንዘቡን ታምቡሩን ወደ ጤናው በመመለስ ላይ አውሉት። የሸራውን ርቀት የሚያስተካክለው ክፍል በጭቃና በዝገት ደርቆ ከሆነ ፍቱ፣ አጽዱ፣ ልዩ ቅባት ቀቡት። የአክሲዮን ዘይት ሸራው ላይ ፈስሶ ካገኛችሁ ማኅተሙን ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ፤ የአክሲዮኑ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ዘይቱን እየገፋው እንዳይሆን እዩ። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ ይጣላል።

ለመካኒኮች አንድ ልመና አለኝ። ታምቡር ስትከፍቱ ያንን ጥቁር አቧራ በኮምፕረሰር አትንፉት። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ ምን ዓይነት ሸራ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። አስቤስቶስ የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል፤ የሚያመጣውም ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ዛሬ ያልታመመ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ያስባል። በውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጣሉ። ረዳት ሆነው የሚማሩትን ልጆች ደግሞ ከጎናችሁ አታስቁሟቸው። ሳንባቸው የእናንተ አደራ ነው።

ስለ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ አንድ ነገር ብዬ ወደ መጨረሻው ልሂድ። ቦሎ ለመውሰድ ፍሬን በሚሽከረከር መለኪያ ላይ ይፈተሻል፤ ጥሩ ነው፤ የግራና የቀኝ ልዩነትን በደንብ ያሳያል። የሚለካው ግን ባዶዋን፣ የበረደችውን መኪና ነው። ሃያ ደቂቃ የጋለ ፍሬን ምን እንደሚሆን፣ ዘይቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከጭነት በታች ቫልቮላው ይከፈት አይከፈት አይነግረንም። ምርመራውን ማለፍ ለቁልቁለት መብቃት ማለት አይደለምና በእሱ ተማምናችሁ አትውረዱ።

አዲስ ዲስክና ሸራ ከገጠማችሁ በኋላ መኪናዋን ያን ዕለት አትጫኗት። ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር እየያዛችሁ ወደ 10 ዝቅ አድርጉ፤ ሳትቆሙ ደጋግሙት፤ በመሀል አየር ይንካው። ሸራው በዲስኩ ላይ እኩል እስኪቀመጥ ድረስ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ከዚያ በግማሽ ጭነት አጭር ቁልቁለት ወርዳችሁ ቁሙ፤ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሀል ሳትነኩ አስጠጉ። የግራውና የቀኙ ሙቀት ሊቀራረብ ይገባል። የኋላዎቹ ምንም ካልሞቁ ቫልቮላው ጋ ተመለሱ። ደህና ከሆነ ዘይቱ የተቀየረበትን ቀንና ዓይነቱን በቀለም ሞተር ክዳኑ ውስጥ ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚነዳት ሰው ማወቅ መብቱ ነው።

ግቢው ውስጥ ባሌስትራ የተጨመረላት አንድ ሃይሉክስ ቆማለች፤ ባለቤቷ ፈቅደውልናል። ጥያቄያችሁን እየጠየቃችሁኝ ወደ እሷ እንሂድ፤ ከሥሯ ገብተን ዘንጉን እናያለን፣ ሜትርም ይዣለሁ።